ስለት ይዞ መውጣትን የሚከለክል ሕግ ግድያን ይቀንሳል?

ደጋፊው፦ በእንግሊዝና በዌልስ ስለት ይዞ አደባባይ መውጣት፣ ማንንም ባይወጉበትም፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። መሠረቱ በ1953 የወጣው የወንጀል መከላከያ ሕግ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያ ሕግ ሰውን ለመጉዳት የተሠራ ወይም ለዚያ የታሰበ መሣሪያ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ በሕዝብ ቦታ መገኘትን ከለከለ። በ1959 ቁልፉን ሲጫኑት ስለቱ ተፈናጥሮ የሚወጣው ሰንጢ እንዳይመረትና እንዳይሸጥ ታገደ። ትልቁ እርምጃ ግን የ1988ቱ የወንጀል ፍትሕ ሕግ አንቀጽ 139 ነው። ስለት ወይም ሹል ጫፍ ያለውን ዕቃ ለምን እንደያዘው ማስረዳት ከዚያ ወዲህ የያዡ ፋንታ ሆነ፤ ዐቃቤ ሕግ ክፉ ሐሳብ ነበረው ብሎ ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። ከክልከላው የወጣው የሚታጠፍና የስለቱ ርዝመት ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር፣ የማይበልጥ የኪስ ሰንጢ ነው። የሕጉ ሐሳብ ቀላል ነው። የወጣቶች ጠብ በአብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ነድዶ የሚበርድ ነው። በዚያች ደቂቃ ኪስ ውስጥ ቢላዋ ካለ ጠቡ የነፍስ ይሆናል፤ ከሌለ በቡጢና በስድብ ያልቃል።

ተጠራጣሪው፦ ሐሳቡ የቀለለው ቢላዋን ከጠመንጃ ጋር ስለሚደምር ነው። ጠመንጃ ከየት እንደወጣ ይታወቃል፤ ፋብሪካ፣ ፈቃድና ተራ ቁጥር ስላለው መንግሥት ምንጩን ሊያደርቅ ይችላል። ቢላዋ ግን በየቤቱ መሳቢያ አለ። ፖሊስ አንዱን ቢወርስ ባለቤቱ ማታ ቤቱ ገብቶ ሌላ ይዞ ይወጣል። በ2005 ሦስት የለንደን የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ረጅምና ጫፈ ሹል የማዕድ ቤት ቢላዋ ከገበያ ይውጣ ብለው የጻፉት ይህ ስለገባቸው ነበር። ያነጋገሯቸው ምግብ አብሳዮችም ሹሉ ጫፍ ለሥራቸው የግድ እንዳልሆነ ነግረዋቸዋል። ሐሳቡ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ሕግ የሆነው ለዓይን የሚያስፈራው ነው፤ በሴፕቴምበር 2024 «ዞምቢ» የሚባሉት ግዙፍ ቢላዎች፣ በኦገስት 2025 ደግሞ የኒንጃ ጎራዴዎች ታገዱ። ሰው የሚሞትበት ቢላዋ ግን ብዙ ጊዜ ሽንኩርት የሚከተፍበት ነው።

ደጋፊው፦ ይህ መከራከሪያ ለሽያጭ ክልከላ ይሠራ ይሆናል፤ ይዞ መውጣትን የሚከለክለውን ሕግ ግን ጭራሽ ያጠናክረዋል። አንቀጽ 139 ቢላዋን አልከለከለም። የከለከለው ቢላዋው ያለ ምክንያት የሚገኝበትን ቦታ ነው። ዕቃውን ማጥፋት ስለማይቻል ነው ከመንገድ ላይ ማራቅ ያስፈለገው።

ተጠራጣሪው፦ ከመንገድ ብቻ ካራቀ ቤት ውስጥ የሚፈሰው ደም ከሕጉ ውጭ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ከ10 ግድያዎች ወደ 4 የሚጠጉት በስለት የሚፈጸሙ ናቸው፤ ከእነዚህ ቀላል የማይባለው ክፍል፣ በተለይ ሟቿ ሴት ስትሆን፣ በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚደርስ ነው። ገዳዩ ባል ወይም የቀድሞ ባል ሲሆን ቢላዋው ከጓዳ ነው የሚነሳው። የትኛውም የመንገድ ላይ ፍተሻ እዚያ አይደርስም።

ደጋፊው፦ ትክክል ነው። ለዚያ ሌላ ሕግ ያስፈልጋል። አንድ ሕግ የማይነካው ወንጀል መኖሩ ግን በሚነካው ላይ አይሠራም ማለት አይደለም።

ተጠራጣሪው፦ እንግዲያው በሚነካው ላይ ይታይ። ቢላዋ ይዘው የተያዙ ወጣቶች «ለምን?» ሲባሉ በተደጋጋሚ የሚሰጡት መልስ ፍርሃት ነው፤ ሌላው ይይዛል፣ ባዶ እጅ መሄድ አያዋጣም ይላሉ። ሕጉ የ15 ዓመት ልጅን ሁለት አደጋ እንዲያመዛዝን ይጠይቀዋል፤ ዛሬ በፖሊስ የመያዝና ዛሬ የመወጋት። የመጀመሪያው የመድረስ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ሁለተኛውም በቁጥር ሲሰላ ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ በልጁ ዓይን ግን ተራራ ያክላል። ቅጣት መጨመር ይህን ሚዛን ብዙም አይነካውም። የቅጣትን አስፈሪነት ለዓመታት ያጠናው አሜሪካዊው ዳንኤል ናጊን በ2013 የምርምሮቹን ድምር ሲያቀርብ የደረሰበት ይህንኑ ነው። ሰውን ከወንጀል የሚመልሰው እያዛለሁ የሚለው ሥጋት እንጂ የእስሩ ርዝመት አይደለም። የብሪታንያ ፓርላማ ግን ደጋግሞ የነካው ርዝመቱን ነው። በ2006 በወጣ ሕግ የይዞ መገኘት ከፍተኛ ቅጣት ከ2 ዓመት ወደ 4 ዓመት አደገ። ከ2015 ጀምሮ ለሁለተኛ ጊዜ የተያዘ አዋቂ፣ ልዩ ሁኔታ ካልተገኘ በቀር፣ ቢያንስ 6 ወር እንዲታሰር ታዘዘ።

ጠያቂው፦ ከዚያ በኋላስ?

ተጠራጣሪው፦ ከዚያ በኋላ የቢላዋ ጥቃት ቁጥር ጨመረ። በፖሊስ መዝገብ ላይ ያለው ዕድገት በከፊል የአመዘጋገብ መሻሻል ስለሆነ እሱ ይቅር፤ የሆስፒታሉ ይታይ። በእንግሊዝ በስለት ጥቃት ቆስለው ሆስፒታል የተኙ ሰዎች በ2014/15 ወደ 3,600 ገደማ ነበሩ፤ በ2018/19 ወደ 5,000 ደረሱ። ሐኪም የሚሰፋው ቁስል በአመዘጋገብ ለውጥ አይበዛም። የሕጉ ጥርስ በሾለባቸው ዓመታት የተወጋው ሰው በዛ ማለት ነው።

ደጋፊው፦ እነዚያው ዓመታት ሌላም ነገር ይዘዋል። በ2010/11 በእንግሊዝና በዌልስ ፖሊስ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው አስቁሞ ፈትሾ ነበር። በ2014 የዚያን ጊዜዋ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ፍተሻን የሚገድብ ማሻሻያ አመጡ፤ በ2017/18 ቁጥሩ ከ300,000 በታች ወረደ። በዚሁ ጊዜ የበጀት ቁጠባው ወደ 20,000 የሚጠጋ ፖሊስ ቀነሰ። ናጊን እንዳለው የሚያስፈራው የመያዝ ሥጋት ከሆነ፣ ያ ሥጋት የጠፋው በእነዚህ ዓመታት ነው። በወረቀት ላይ የከበደ ቅጣት መንገድ ላይ አስፈጻሚ ካጣ፣ የቁስሉ መብዛት የሕጉን ከንቱነት አያሳይም፤ ሕጉ ሥራ መፍታቱን እንጂ።

ተጠራጣሪው፦ ፍተሻ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ደግሞ ተሞክሮ ታይቷል። በ2008 የለንደን ፖሊስ «ብለንት 2» የተባለ ዘመቻ ጀመረ፤ የመሣሪያ ፍተሻ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ። በ2016 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የራሱ ተመራማሪዎች ፍተሻው በጣም የጨመረባቸውን ክፍለ ከተሞች ብዙም ካልጨመረባቸው ጋር አነጻጸሩ። ወንጀል የቀነሰበት የሚታይ ልዩነት አላገኙም። በ2018 ሌሎች ሦስት ተመራማሪዎች ከ2004 እስከ 2014 ያለውን የአሥር ዓመት የለንደን መረጃ መረመሩ። ፍተሻ በሚበዛበት ወቅት የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል ትንሽ ዝቅ ሲል አዩ፤ በኃይል ጥቃት ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ማስረጃ አጡ።

ደጋፊው፦ የለንደን ክፍለ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ ከ200,000 እስከ 400,000 ሰው የሚኖርበት ሰፊ ቦታ ነው። ጠቡ ግን በክፍለ ከተማ ሁሉ እኩል አይረጭም፤ በጥቂት መንገዶች፣ በጥቂት የአውቶቡስ ፌርማታዎች፣ በትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት ይከማቻል። ውጤቱ እዚያ ቢኖር እንኳ በክፍለ ከተማ አማካይ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። በ2023 ካምቤል ትብብር በተባለው የተመራማሪዎች መረብ የታተመው የጥናቶች ጥናት ጠበብ ያሉ አካባቢዎችን የመረመሩ ሥራዎችን ሰብስቦ፣ ፖሊስ እግረኛን የማስቆም ሥራውን ያጠናከረባቸው ቦታዎች ካላጠናከረባቸው ይልቅ ወንጀላቸው በአማካይ በ13 በመቶ ዝቅ ማለቱን አግኝቷል። ይህ ቁጥር ተአምር አይደለም፤ ምንም ነው ተብሎ የሚጣልም አይደለም።

ተጠራጣሪው፦ የዚያ ጥናት ሁለተኛ ግኝት ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ይታለፋል። የተፈተሹት ሰዎች ካልተፈተሹት ይልቅ ጤናቸው የታወከ፣ በፖሊስ ላይ ያላቸው አመለካከት የከፋ፣ ራሳቸው የሚናገሩት ጥፋትም የበዛ ሆኖ ነው የተገኘው። ጥናቶቹም በብዛት የአሜሪካ ናቸው፤ ወንጀሉን የቀነሰው ኪስ መፈተሹ ይሁን ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ጥግ ላይ መቆሙ ለይተው አያሳዩም። መቆሙ ከሆነ ማንንም ግድግዳ ላይ መለጠፍ ሳያስፈልግ ውጤቱ ይገኝ ነበር።

ጠያቂው፦ እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እየተቀላቀሉ ነው። ክርክሩ የተጀመረው በሕጉ ላይ ነበር፤ አሁን ያለው በፍተሻ ላይ ነው። የተለካውም ሁሉ ፍተሻው ነው።

ደጋፊው፦ መለያየት አይቻልም። በ1984 የወጣው የፖሊስና የማስረጃ ሕግ ፖሊስ ሰውን አስቁሞ እንዲፈትሽ የሚፈቅደው የተከለከለ ነገር ይዟል ብሎ የሚጠረጥርበት ምክንያት ሲኖረው ነው። ይዞ መገኘት ወንጀል ካልሆነ የሚጠረጠርበት ነገር የለም፤ የሚጠረጠርበት ከሌለ ፖሊስ ደም እስኪፈስ ቆሞ ይጠብቃል። የሕጉ ዋና ጥቅም በአንድ ቃል ጊዜ ነው፤ ሰው ሳይወጋ ፖሊስ እንዲደርስ ያደርጋል።

ተጠራጣሪው፦ በር የሚከፍት ሕግ ሊከፈት የማይገባውንም በር ይከፍታል። በ1994 የወጣ ሌላ ሕግ አንቀጽ 60 አንድ መኮንን ሁከት ይነሳል ብሎ ባመነበት አካባቢ ለተወሰነ ሰዓት ያለ ምንም ጥርጣሬ ማንንም ማስፈተሽን ፈቀደ። በ2008/09 በዚህ አንቀጽ ወደ 150,000 ሰው ተፈተሸ፤ መሣሪያ የተገኘው ከመቶው በአንድ ሁለቱ ላይ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ ጥቁሮች ከነጮች ወደ 4 እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይፈተሻሉ። ለንደን ተወልደው ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆችም በዚሁ «ጥቁር» በሚለው ዓምድ ውስጥ ናቸው፤ ምንም ሳይዙ ፖሊስ ደጋግሞ እንደሚያስቆማቸው ወላጆቻቸው ያውቁታል። ይህ ወጪ ነው። ሂሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ደጋፊው፦ ይግባ። ነገር ግን በስለት የሚገደሉት ወጣቶችም በለንደን ከሕዝብ ድርሻቸው በላይ ጥቁሮች መሆናቸው በዚሁ ሂሳብ ይግባ። ልጇ በደህና ወደ ቤት እንዲመለስ የምትጠብቅ እናት ፍተሻንም ቢላዋንም ትፈራለች፤ ሁለቱ ፍርሃቶች ግን አንድ ክብደት የላቸውም።

ተጠራጣሪው፦ የሁለተኛው ፍርሃት ክብደት ለመጀመሪያው ይቅርታ የሚሆነው ፍተሻው ሁለተኛውን ሲቀንስ ብቻ ነው። መረጋገጥ ያቃተውም ይኸው ነው። የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ አዲሱ ምስክር ናት። ከ2021 ጀምሮ ጎልድ ኮስት ላይ በሌሊት መዝናኛ ሰፈሮች ፖሊስ ያለ ጥርጣሬ በእጅ በሚያዝ የብረት መፈተሻ ሰውን እንዲቃኝ ተፈቀደ። የግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲገመግሙ ብዙ ቢላዋ መያዙን አረጋገጡ፤ ሰው ቢላዋ ይዞ ከመምጣት መቆጠቡን የሚያሳይ ማስረጃ ግን እስከዚያ ድረስ አላዩም። ፖሊሶች ማንን እንደሚያስቆሙ የሚመርጡበት መንገድም አሳስቧቸዋል። መንግሥት ሥልጣኑን አስፋፋው እንጂ አልመለሰውም። ፖለቲከኛ በጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ቢላዋ ፎቶ ሲያይ ውጤት ይመስለዋል።

ደጋፊው፦ የተደረደረው ቢላዋ እኮ ከሌሊት ጭፈራ ቤት በር የተወሰደ ነው። ከእነዚያ አንዱ በዚያ ሌሊት ይመዘዝ እንደነበር ማወቅ አይቻልም፤ ያልተፈጸመ ግድያ መዝገብ የለውም።

ተጠራጣሪው፦ መዝገብ የሌለውን ነገር ለማስረጃነት ማቅረብ ደግሞ የትኛውንም ሕግ ትክክል ያደርጋል። ከዚህም በላይ፣ ክልከላው ደብዛዛ ሲሆን የሚያዘው ወንጀለኛ አይሆንም። ኒው ዮርክ «ግራቪቲ ናይፍ» የሚባለውን፣ በእጅ ውርወራ የሚከፈተውን ሰንጢ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከልክላ ነበር። ፖሊሱ የተገኘውን ሰንጢ በእጅ አንጓው ይወረውረዋል፤ ከተከፈተ ባለቤቱ ይታሰራል። ብዙ ጊዜ የተያዙት ሰንጢውን ከዕቃ መደብር ገዝተው ለሥራቸው የያዙ ሠራተኞች ነበሩ፤ በብዛትም ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች። በ2019 አንድ የፌዴራል ዳኛ ሕጉ በጣም ከመደብዘዙ የተነሳ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም አሉ፤ በዚያው ዓመት የክልሉ ምክር ቤት ሰረዘው።

ደጋፊው፦ ያ የአንድ ሕግ አጻጻፍ ጉድለት ነው። የብሪታንያው ለሥራ መሣሪያ፣ ለሃይማኖትና ለባህል ልብስ መከላከያ አስቀምጧል። አናጺ ከሥራው ሲመለስ መጋዝና ስለቱን ይይዛል፤ የሲክ እምነት ተከታይ ኪርፓን የሚባለውን የእምነቱን ስለት ይታጠቃል፤ ስኮትላንዳዊ ኪልት ከሚባለው ባህላዊ ልብሱ ጋር ካልሲው ውስጥ አጭር ቢላዋውን ይሻጣል። የአፋርን ጊሌ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንዲህ ያለ መውጫ ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ ማስረዳት አያሻውም፤ ስለት በወገቡ የታጠቀ ሁሉ ጠብ ፈላጊ አይደለም።

ጠያቂው፦ በፈቃድ ማስረከብስ? ፍተሻም እስርም ሳይኖር ቢላዋውን ከእጅ የሚያወጣ መንገድ ነው።

ተጠራጣሪው፦ በ2006 በእንግሊዝና በዌልስ ተሞክሯል። በምሕረቱ ሳምንታት ወደ 90,000 የሚጠጋ ስለት ሳጥን ውስጥ ተጣለ። የለንደን ፖሊስ ራሱ ባደረገው ግምገማ በቢላዋ የሚፈጸመው ወንጀል ለጥቂት ሳምንታት ዝቅ ብሎ ወዲያው ወደ ነበረበት ተመለሰ። ብዙ የሚባልበት ነገር የለም።

ደጋፊው፦ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክር ያለው ስኮትላንድ ላይ ነው፤ ሕጉን የሚነቅፉ ሁሉ ደጋግመው የሚጠቅሷት፣ ግን በግማሹ ብቻ የሚናገሩላት አገር።

ተጠራጣሪው፦ ሙሉው ይነገር። በ2004/05 ስኮትላንድ ውስጥ 137 ሰዎች ተገደሉ፤ ዋናው መሣሪያ ስለት ነበር፤ ጋዜጦች ግላስጎውን የአውሮፓ የግድያ መዲና ይሏት ነበር። በ2005 የአካባቢው የስትራዝክላይድ ፖሊስ በጆን ካርኖካንና በካሪን ማክላስኪ መሪነት የጥቃት መቀነሻ ክፍል አቋቋመ። ክፍሉ ጥቃትን እንደ በሽታ ወረርሽኝ ማየት ጀመረ፤ ማን እንደሚያዝ ብቻ ሳይሆን ከየት እንደሚነሳ፣ በማን በኩል እንደሚተላለፍ ጠየቀ። ከ2008 ጀምሮ ከአሜሪካዋ የቦስተን ከተማ ልምድ በመነሳት የሰፈር ቡድን አባላትን በግላስጎው ፍርድ ቤት አዳራሽ ሰበሰቧቸው። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ስለተቀደደ ፊት ነገራቸው፤ ልጇን የቀበረች እናት ተናገረች፤ ከወንጀል የወጡ ሰዎች መሰከሩ። በመጨረሻ የስልክ ቁጥር ተሰጣቸው፦ ሥራ፣ ትምህርት፣ ከሱስ መውጫ የሚፈልግ ይደውል። ግላስጎውን የለወጠው ይህ ነው።

ደጋፊው፦ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ተናጋሪ ተዘሏል። ፖሊሱ። ከእንግዲህ ከቡድናችሁ አንዱ ጥቃት ቢፈጽም የምንከታተለው ቡድኑን በሙሉ ነው ብሎ የሚናገረው እሱ ነበር፤ ለዚህ ቃል ክብደት የሰጠው ሕጉ ነው። ስኮትላንድ ስለት ይዞ መገኘትን በ1993 ወንጀል አድርጋለች፤ ክፍሉ በተቋቋመ ማግሥት፣ በ2006፣ ከፍተኛ ቅጣቱን ከ2 ወደ 4 ዓመት አሳደገች፤ በኋላም ወደ 5። ፍተሻዋም ከእንግሊዝ ይልቅ የበረታ ነበር፤ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ካት መሪ እንዳሳየችው በ2010 የስኮትላንድ ፍተሻ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር የእንግሊዝና የዌልስን ወደ 4 እጥፍ ይጠጋ ነበር። «ፍቅር እንጂ ፖሊስ አይደለም» የሚለው የግላስጎው ታሪክ ይህን ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ትቶ የተነገረ ነው።

ተጠራጣሪው፦ የካት መሪ ጥናት የተጻፈው ያን ፍተሻ ለማወደስ አልነበረም። አብዛኛው «በፈቃድ» የተባለ፣ ሕጋዊ መሠረት የሌለው ፍተሻ መሆኑን፣ ሕፃናት ሳይቀሩ መፈተሻቸውን ያጋለጠ ነበር። ከዚያ ጥናት በኋላ ፍተሻው በከፍተኛ መጠን ቀነሰ፤ በሜይ 2017 ያለ ጥርጣሬ በፈቃድ ስም መፈተሽ ጨርሶ ተከለከለ። ፍተሻው ግድያውን የያዘው መከታ ቢሆን ኖሮ፣ መከታው ሲነሳ ግድያው መፍሰስ ነበረበት። አልፈሰሰም።

ደጋፊው፦ ቢላዋ የመያዝ ልማድ አንዴ ከተሰበረ በኋላ መከታው ቢነሳ ለምን ይፍሰስ? አስቀድሞ የሰበረው ምንድን ነው የሚለው ነው ጥያቄው።

ጠያቂው፦ ለዚህ የግላስጎው ፕሮግራም ራሱ የተለካበት መረጃ አለ።

ተጠራጣሪው፦ አለ፤ ለማንም ወገን ሙሉ በሙሉ አይመችም። በ2014 የታተመው ጥናት በፕሮግራሙ የገቡ 167 ወጣት ወንዶችን በዕድሜ ከሚመስሏቸው፣ በሌላ ድሃ ሰፈር ካሉ ወጣቶች ጋር አነጻጸረ። ከሁለት ዓመት በኋላ መሣሪያ ይዞ የመገኘት ወንጀል በፕሮግራሙ ውስጥ በነበሩት ዘንድ በ84 በመቶ ወረደ፤ በሌሎቹ ዘንድ በ40 በመቶ። በአካላዊ ጥቃት ግን በሁለቱ መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። ይህ የሕጉን ሐሳብ ከሥሩ ይነካዋል። ቢላዋ መያዝ ጠቡን የሚወልደው ቢሆን፣ መያዙ ይህን ያህል ሲወርድ ጥቃቱም አብሮ መውረድ ነበረበት።

ደጋፊው፦ ሕጉ ጠብን እቀንሳለሁ አላለም። ያለው ጠቡ የነፍስ እንዳይሆን አደርጋለሁ ነው። ያው ልጅ ያንኑ ያህል ጊዜ ተደባድቦ፣ ግን ቢላዋውን ቤቱ ትቶ ከወጣ፣ በጥናቱ መዝገብ ላይ የጥቃቱ ቁጥር አይለወጥም፤ የሚለወጠው በሬሳ ክፍሉ ያለው ቁጥር ነው። ግድያ በ167 ሰው ውስጥ ሊለካ የማይችል ብርቅ ክስተት ነው፤ ስለዚህ ጥናቱ ሐሳቡን አላፈረሰም፣ ሊፈትነውም አልቻለም።

ተጠራጣሪው፦ ይህ መልስ ጠንካራ ነው። ሆኖም መያዙን በ84 በመቶ ያወረደው ምንድን ነው? በማነጻጸሪያው ሰፈር የነበሩትም በዚያው ሕግ፣ በዚያው ቅጣት፣ በዚያው ፍተሻ ሥር ነበሩ፤ የእነርሱ 40 በመቶ ነው። የ44 ነጥቡ ልዩነት የመጣው ሁለቱም ከሚጋሩት ሕግ ሳይሆን ለአንደኛው ብቻ ከተሰጠው ነገር ነው፤ ከአዳራሹ፣ ከስልክ ቁጥሩ፣ ከሥራው።

ደጋፊው፦ ወይም ስሙን ጠርቶ «አውቀንሃል» ካለው ፖሊስ። በዚህ ዓይነት ያነጣጠረ ማስጠንቀቂያ ላይ የተሠሩ 24 ግምገማዎችን የወንጀል ተመራማሪው አንቶኒ ብራጋና ባልደረቦቹ ሰብስበው፣ 19ኙ የሚታይ የወንጀል ቅናሽ እንዳሳዩ ጽፈዋል። ሁሉም እርዳታና ዛቻን አንድ ላይ የያዙ ናቸው፤ ዛቻውን አውጥቶ እርዳታው ብቻውን እንደሚሠራ ያሳየ የለም። በሁለቱ ሰፈር የተጻፈው ሕግ አንድ ነው። በአንደኛው ግን ሕጉ ልጁን በስሙ የሚያውቅ ሆነ።

ጠያቂው፦ ሕጉ ነገ ቢሻርስ?

ተጠራጣሪው፦ ይሻር ያለ የለም። ያለ ምክንያት ጩቤ ታጥቆ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚቆምን ሰው ፖሊስ ማስቆም መቻል አለበት። መቅረት ያለበት ዳኛን የሚያስገድደው መነሻ እስርና ያለ ጥርጣሬ የሚደረገው ፍተሻ ነው፤ ሁለቱም ለሚወስዱት ዋጋ የሚያሳዩት ውጤት የለም። ገንዘቡ የሚሠራበት አለ። በካርዲፍ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሙ ጆናታን ሼፐርድ ቁስለኞች የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን እንደተመቱ ሆስፒታሉ ስማቸውን ሳይጠቅስ ለከተማውና ለፖሊስ እንዲያሳውቅ አደረገ፤ ብዙው ጥቃት ለፖሊስ ሳይነገር የሚቀር ነበርና። በ2011 የታተመው ግምገማ ካርዲፍን ከ14 መሰል ከተሞች ጋር ሲያነጻጽር በጥቃት ምክንያት ሆስፒታል የሚተኛው ሰው በ42 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አዲስ ወንጀል አልተደነገገም፤ የማንም ኪስ አልተፈተሸም።

ደጋፊው፦ ካርዲፍ ፖሊሱን የላከው የት እንደሚሄድ ነግሮ ነው። እዚያ ሲደርስ ቢላዋ የያዘ ሰው ቢያገኝ በምን ሥልጣን ይነጥቀው ነበር? በዚያው በ1988ቱ አንቀጽ 139።

ተጠራጣሪው፦ አንቀጹ ይኑር። የግድያው መቀነስ ግን በእሱ ስም አይጻፍ። የአንቀጹ ክልከላ በ2014ም በ2019ም ያው ነበር፤ የሆስፒታሉ አልጋ ግን አንድ ጊዜ ሲጎድል አንድ ጊዜ ሲሞላ ኖሯል። ያልተለወጠ ነገር ለውጥን አያስረዳም።

ደጋፊው፦ ያልተለወጠ ነገር ወለል ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ሁሉ የሚቆምበት። ስኮትላንድ ወለሉን አላነሳችም። ስለት ይዞ መገኘት እዚያ ዛሬም እስከ 5 ዓመት ያሳስራል፤ ፍተሻው ከ2017 ወዲህ በጥርጣሬ ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው፤ የጥቃት መቀነሻ ክፍሉም ሥራ ላይ ነው። በ2022/23 በአገሪቱ የተገደሉት 52 ሰዎች ነበሩ፤ ከ1976 ወዲህ እስከዚያ ዓመት ድረስ ዝቅተኛው ቁጥር። ብዙ ሰው የተገደለበት መሣሪያ አሁንም ስለት ነው።